በጀልባ ሞተር ጥገና ላይ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ ምክሮች

በጀልባ ሞተር ጥገና ላይ የሚዘወተሩ የተሳሳቱ ምክሮች የሚባሉት በሐይቅና በወንዝ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱ ወይም ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ጀልባዎችን የሚነዱ ሰዎች በቃል የሚቀባበሏቸው፣ ነገር ግን ሞተሩን የሚጎዱ ወይም ዕድሜውን የሚያሳጥሩ ልማዶች ናቸው። ከእነዚህ ምክሮች አብዛኞቹ ከምንም ተነስተው የተፈጠሩ አይደሉም። በሌላ ዘመን፣ በሌላ ዓይነት ሞተር ላይ ወይም በሌላ አገር የአየር ጠባይ ትክክል ነበሩ። ችግሩ የሚመጣው ምክሩ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ «መቼ» እና «በየትኛው ሞተር ላይ» የሚለው ክፍል መንገድ ላይ ስለሚቀር ነው።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ በተለይ የሚመለከተው በጣና፣ በዝዋይ (ደንበል)፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች እንዲሁም በባሮ ወንዝ ላይ የሚሠሩ የሞተር ጀልባዎችን ነው። ከደንገል የሚሠራው የጣና ታንኳ ሞተር ስለሌለው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

አካባቢው እና ሞተሮቹ

የዝዋይ ሐይቅ የሚገኘው ከቆሼ ከተማ በስተምሥራቅ ነው፤ ቆሼ ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ (ባቱ) ከተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የማረቆ ዋና ከተማ ናት። ሐይቁ ጨዋማ አይደለም፤ ጥልቀቱም አነስተኛ ሲሆን ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አይዘልም። ከጉራጌ ተራሮች የሚነሳው የመቂ ወንዝ ወደዚሁ ሐይቅ ስለሚገባ በክረምት ከደጋው የታጠበ አፈር ይዞ ይመጣል። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ በመሆኑ የጉራጌ ደጋ አፈር ዞሮ ዞሮ የሞተሩ የማቀዝቀዣ ቧንቧ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ከሚነሱት ምክሮች አንዳንዶቹ የሚመነጩት ከዚህ ደለል ነው።

ሥራ ላይ ያሉት ሞተሮች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ከጀልባው ኋላ የሚንጠለጠለው የቤንዚን ሞተር ነው፤ ይህም ባለ ሁለት ምት (ቱ ስትሮክ) ወይም ባለ አራት ምት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በጀልባው ሆድ ውስጥ የሚቀመጠው የናፍጣ ሞተር ነው። የናፍጣ ሞተር ከእህል ወፍጮ፣ ከመስኖ ፓምፕና ከጭነት መኪና ሞተር ጋር ዘመድ ስለሆነ ምክሩም ከእነዚህ ሁሉ ይመጣል። እንደ ቆሼ ባሉ የገበያ ከተሞች የወፍጮ ሞተር የሚፈታ መካኒክ የገበሬውን ፓምፕ ቢይዝ የሚያስገርም አይደለም፤ ለወፍጮ የሠራው ብልሃት ግን ለጀልባ ሁልጊዜ አይሠራም።

የመካኒኮቹ ቋንቋ ራሱ ዕውቀቱ እንዴት እንደተላለፈ ይናገራል። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከመጽሐፍ ሳይሆን ጋራዥ ውስጥ ከአለቃ ወደ ረዳት በጆሮ የተላለፉ ናቸው። ከቃሉ ጋር ምክሩም አብሮ ተላልፏል።

የሐይቅ ላይ ብልሽት ከመንገድ ብልሽት ይለያል። መኪና ሲቆም ዳር ይይዛል። ጀልባ ግን ከቱሉ ጉዶ ደሴት ወደ ዝዋይ ከተማ ገበያተኛ ጭኖ ሲሄድ መሃል ላይ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉን በጎኑ ይቀበላል። ሞተር የሌለው ጀልባ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ ማዞር አይችልም፤ የመገልበጥ አደጋውም ከዚህ ይመጣል።

«አቅም ካነሰው ነዳጅ ጨምርለት»

ከሁሉም ምክሮች ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም ለኢትዮጵያ ሐይቆች ከፍታ ተቃራኒ የሆነ ምክር ነው።

ዝዋይ ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ገደማ፣ ጣና ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዝዋይ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 82 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። አየር በግፊት የሚሞላለት ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር ዝዋይ ላይ ወደ 33 ወይም 34 ይወርዳል። ሞተሩ አልተበላሸም፤ የሚተነፍሰው አየር ሳስቶበት ነው።

አየሩ ሲሳሳ ግን ውሃው አይሳሳም። ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር ዝዋይ ላይም ሆነ ጅቡቲ ወደብ ላይ የሚታገለው ከሞላ ጎደል እኩል ክብደት ካለው ውሃ ጋር ነው። ለባሕር ወለል ተመጥኖ የተገጠመ ፕሮፔለር በደጋ ሐይቅ ላይ ለተዳከመው ሞተር ከባድ ሸክም ይሆናል። ሞተሩ ሊደርስበት የሚገባው የዙር ፍጥነት ላይ ሳይደርስ ይታነቃል፤ ናፍጣ ከሆነ ጥቁር ጭስ ያወጣል።

በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የናፍጣውን ፖምፓ ቡሎን አዙሮ ነዳጅ መጨመር ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ግን ያለው አየር የማያቃጥለው ነዳጅ ገብቷል ማለት ነው። ነዳጅ ሲጨመር ጀልባው ለጊዜው ትንሽ ሊፈጥን ይችላል፤ ምክሩም «ሠራ» ይባላል። ውስጥ ለውስጥ ግን የጭስ ማውጫው ሙቀት ይጨምራል፣ ፒስቶኑ ይግላል፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ በሲሊንደሩ ግድግዳ ወርዶ ከሞተር ዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ ከብረት ለብረት የሚከላከለው ያነሰ ነው። ውጤቱ ከወራት በኋላ ሲታይ ጥፋቱ በዘይቱ ወይም በመለዋወጫው ይሳበባል።

ትክክለኛው መፍትሔ ፕሮፔለሩን መቀየር ነው። የፕሮፔለር መጠን በሁለት ቁጥር ይነገራል፤ አንዱ ስፋቱ ሲሆን ሌላው ፒች የሚባለው፣ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄድበት ርቀት ነው። ፒቹን በ1 ኢንች መቀነስ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ያህል ከፍ ያደርገዋል። መለኪያው ቀላል ነው፤ ጀልባው የተለመደ ጭነቱን ይዞ ነዳጁ ሙሉ ሲከፈት ሞተሩ አምራቹ የጻፈው ከፍተኛ የዙር ክልል ውስጥ መግባት አለበት። ካልገባ ፕሮፔለሩ ትልቅ ነው።

የቤንዚን ሞተር ካርቡራተርም ተመሳሳይ ነገር ይጠይቃል። በከፍታ ላይ ቅልቅሉ በነዳጅ ስለሚበዛ አነስተኛ ቀዳዳ ያለው ጄት ይገጠማል። ይህ ምክር ትክክል ነው፤ ሆኖም ሁኔታው ሲረሳ አደገኛ ይሆናል። ለጣና የተስተካከለ ሞተር ተሽጦ ጋምቤላ ቢሄድ፣ የባሮ ወንዝ እዚያ ከተማው አጠገብ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ትንሹ ጄት ነዳጅ ያሳንሳል፤ በነዳጅ እጥረት የሚሠራ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ፒስቶኑን ያቃጥላል።

«ዘይት ቢበዛ አይጎዳም»

ባለ ሁለት ምት ሞተር የራሱ የዘይት ገንዳ ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ይገባል። በዛሬዎቹ አብዛኞቹ ተንጠልጣይ ሞተሮች ምጣኔው 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው። ቆየት ያሉት 25 ለ 1 ይፈልጋሉ፤ አዲስ ሞተርም በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንዲሁ። «እጥፍ አድርግ» የሚለው ምክር የተረፈው ከእነዚህ ከድሮዎቹ ነው።

ዘይት ከልክ ሲያልፍ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል፤ የጭስ መውጫ ቀዳዳው ይጠባል፤ የፒስቶኑ ፋሻ በቦታው ይጣበቃል። ብዙም የማይታሰብ ሌላ ነገር አለ። በካርቡራተሩ ቀዳዳ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠኑ ያው ስለሆነ ዘይት ሲበዛ በውስጡ ያለው ቤንዚን ያንሳል። ለጥንቃቄ ተብሎ የተጨመረ ዘይት ሞተሩን በተወሰነ ደረጃ ነዳጅ ያሳጣዋል።

የዘይቱ ዓይነትም ጉዳይ ነው። በውሃ ለሚቀዘቅዝ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተዘጋጀው ዘይት ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት አለው፤ ሲቃጠል አመድ አይተውም። የሞተር ብስክሌት ወይም የመኪና ዘይት በምትኩ ሲገባ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ፒስቶኑ አናት ላይ አመድ ይጋግራሉ፤ የጋለው አመድ ነዳጁን ካንዴላው ሳይተኩስ በፊት ይለኩሰዋል። ባለ አራት ምት ሞተር ቤንዚን ውስጥ «ለማለስለሻ» ጠብታ ዘይት የሚጨምሩም አሉ። እሱ የራሱ ዘይት በሆዱ ስላለው ምንም አያስፈልገውም፤ ትርፉ ጭስ ነው።

«ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው»

ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚገታ ትንሽ በር ነው። በብዙ ተንጠልጣይ ሞተሮች ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይከፈታል፤ በዝግ ውሃ በሚቀዘቅዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከዚህ ከፍ ይላል። ደለል በበዛበት ውሃ ይህ በር ጭቃ ይዞት ሳይከፈት ይቀራል፤ ሞተሩም ይግላል። በሐይቅ መሃል በዚህ የተያዘ ነጂ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ወደ ቤቱ ቢመለስ ያደረገው ነገር ተገቢ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው በማግሥቱ ሳይመልሰው ሲቀር ነው። ሙቀቱን ያልጠበቀ ሞተር ውስጥ ነዳጅ በደንብ አይቃጠልም፤ እርጥበትና ነዳጅ ወደ ዘይቱ ይወርዳሉ፤ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ውሃውን በየክፍሉ የሚያከፋፍል በመሆኑ ሲወጣ ውሃው በአቋራጭ ያልፍና አንዱ ሲሊንደር ሳይቀዘቅዝ ይቀራል። ሞተሩን ለማቀዝቀዝ የተወሰደ እርምጃ ግማሹን ያቃጥለዋል። ትክክለኛው ነገር አውጥቶ ማጠብ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ መከፈቱን ማየትና ካልተከፈተ በአዲስ መተካት ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘው የውሃ ፓምፑ ላስቲክ ነው። «ለትንሽ ደቂቃ በደረቁ ቢሠራ ምን አለበት» ይባላል፤ ላስቲኩን የሚያለሰልሰው ግን የሚስበው ውሃ ስለሆነ ያለ ውሃ በደቂቃ ውስጥ ሊቀደድ ይችላል። ተንጠልጣይ ሞተር በጎኑ የሚተፋት ቀጭን የውሃ መስመር ፓምፑ መሥራቱን ታሳያለች። መስመሯ ስትደክም ቀዳዳውን በሽቦ መጎርጎር የተለመደ ነው፤ የተዘጋው ቀዳዳው ብቻ ከሆነ ይሠራል። ላስቲኩ ያለቀ ከሆነ ግን ሽቦው ምልክቱን እንጂ በሽታውን አይነካም። በጣና እምቦጭ በተስፋፋበት አካባቢ መጀመሪያ የሚታየው የውሃ መሳቢያው ወንፊት ነው።

የጋለ ሞተር ላይ ከሐይቁ በባልዲ ቀድቶ መድፋት ለጀልባ ነጂ ከማንም ይልቅ ቅርብ የሆነ ፈተና ነው። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ቴስታታው ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። በዝዋይ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ95 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ራዲያተር ወይም ዝግ የውሃ ጋን ያለው የናፍጣ ሞተር ክዳኑ ሲላላ እዚህ ከባሕር ዳርቻ ቀድሞ ይፈላል፤ በጋለበት ክዳኑን የከፈተ ሰውም በእንፋሎት ይቃጠላል።

ነጭ ጋዝ፣ ውሃ እና ጀሪካን

ናፍጣ ላይ ነጭ ጋዝ መጨመር «ያጠራዋል» ይባላል። ምንጩ የብርድ አገር ነው፤ እዚያ ናፍጣ በክረምት ውስጡ ያለው ሰም ስለሚረጋ ነጭ ጋዝ ይቀጥኑበት ነበር። ዝዋይ ላይ ናፍጣ የሚረጋበት ሌሊት የለም። ነጭ ጋዝ ከናፍጣ ያነሰ የማለስለስ ባሕርይ ስላለው በነዳጁ ብቻ የሚለሰልሰውን የናፍጣ ፖምፓ ይፍቀዋል። ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ደግሞ ኦክቴኑን ስለሚያወርድ ሞተሩ ይኮረኮማል። ዋጋው በረከሰባቸው ጊዜያት ይህ ምክር መበርታቱ አያስደንቅም።

ነዳጅ በጀሪካን ተጭኖ በሚሄድበት ሁሉ ውሃ ይገባል። «ውሃው ከሥር ስለሚተኛ ከላይ ከላይ ቅዳ» የሚለው ምክር ለናፍጣ ዛሬም ትክክል ነው፤ ለቤንዚን ግን ነገሩ ተለውጧል። በአዲስ አበባ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተደባልቆ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2008 በ5 በመቶ ሲሆን በ2011 ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል ውሃ ይጠጣል። 10 በመቶ ኤታኖል ያለው ቤንዚን ግማሽ በመቶ ያህል ውሃ፣ ማለትም በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል፣ ሳይታወቅ ይይዛል። ከዚያ ሲያልፍ ኤታኖሉ ከውሃው ጋር ተያይዞ ወደ ሥር ይወርዳል። ከላይ የሚቀዳው ቤንዚን ንጹሕ ቢመስልም ኤታኖሉን ስላጣ ኦክቴኑ ወርዷል። ከሥር ያለው ደግሞ የሁለት ምቱን ዘይት ስለማይዝ ወደ ሞተሩ ከተሳበ ያለ ማለስለሻ ያስኬደዋል። የተለያየ ቤንዚን አይስተካከልም፤ ለሞተር አገልግሎት አይውልም።

ናፍጣ ሞተር አልነሳ ሲል ቤንዚን የነካ ጨርቅ አየር መሳቢያው ላይ መያዝም የድሮ ዘዴ ነው። ማሞቂያ ክር ባላቸው ሞተሮች ላይ ሊፈነዳ ይችላል። በጀልባ ላይ ተጨማሪ አደጋ አለው፤ የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ ጀልባው ሆድ ወርዶ ይጠራቀማል እንጂ እንደ ጋራዥ በበር አይወጣም።

ሌሎች

«ናፍጣ ሞተር አይጠፋም፤ ዝም ብሎ ይሥራ» የሚባለው በከፊል እውነት ነው። ተርቦ ያለው ሞተር ከከባድ ሥራ በኋላ ከማጥፋት በፊት ለሁለትና ሦስት ደቂቃ ያለ ጭነት ቢዞር ተርቦው ይቀዘቅዛል። ገበያው እስኪያልቅ ለሰዓታት ማስነሳት ግን ሲሊንደሩን ያደነዝዛል፤ ነዳጅም ይበላል። ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ምክንያት ባትሪው ደክሞ ዳግም ላይነሳ ይችላል የሚለው ፍርሃት ነው።

ከባሕር የመጡ ምክሮችም አሉ። ከሥራ በኋላ ሞተሩን በንጹሕ ውሃ ማጠብ በጨው ውሃ ላይ ግዴታ ነው፤ ዝዋይና ጣና ላይ ጨው ባይኖርም ደለሉን ስለሚያወጣ አይከፋም። ዝገት የሚስበውን ብረት በዚንክ መተካት ግን በጨው አልባ ውሃ ላይ ጥቅሙ አናሳ ነው፤ ዚንኩ ላዩ ላይ ቅርፊት አውጥቶ ሥራ ያቆማል። ለእንዲህ ዓይነቱ ውሃ የሚመረጠው ማግኒዚየም ነው።

ዘይት መቼ እንደሚለወጥ በቀለሙ መወሰንም የተለመደ ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ በጥቂት ሰዓታት ይጠቁራል፤ ጥላሸቱን አንጠልጥሎ መያዝ ሥራው ስለሆነ። ፈጽሞ ችላ ሊባል የማይገባው ቀለም የማኪያቶ ቀለም ነው፤ ውሃ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ስለሆነ ሞተሩ መነሳት የለበትም።

ለምን አይጠፉም?

የተሳሳተ ምክር ዋጋው ዘግይቶ ስለሚከፈል ይቆያል። ቴርሞስታቱን ያወጣ ሰው በዚያው ቀን በሰላም ቤቱ ደርሷል፤ ሞተሩ ፋሻ ሲቀይር ግን ወራት አልፈዋል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ የለም። ምክር ሰጪው ሌላ ጀልባ ላይ ሄዷል። በተጨማሪም የአምራቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ ባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ አገልግሎት ላይ የቆየ ሞተር ሲሸጥ ደግሞ መጽሐፉ አብሮ አይመጣም።

ሌላው ምክንያት የመለኪያ ልዩነት ነው። የሹፌሮች ምክር በኪሎ ሜትር ይነገራል፤ ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር እንደሚባለው። በሰዓት በአማካይ 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 100 ሰዓት ነው። የጀልባ ሞተር ግን እንደ መኪና ቁልቁለት ላይ አያርፍም፤ ሥራው ጭነት መኪና ዓባይ በረሃን ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ሲወጣ እንደሚሠራው ነው። በዚህ ምክንያት የተንጠልጣይ ባለ አራት ምት ሞተሮች መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት በየ100 ሰዓቱ እንዲለወጥ ያዛል።

ሰዓት መቁጠሪያ የሌለው ሞተር በጀሪካን ሊቆጠር ይችላል። ባለ ሁለት ምት 40 የፈረስ ጉልበት ሞተር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ በሰዓት ከ15 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጨርሳል፤ 20 ሊትሩ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ለባለ አራት ምቱ ፍጆታው ያነሰ ስለሆነ ነጂው በአንድ ሙሉ ጀሪካን ስንት ሰዓት እንደሄደ አንድ ቀን ለክቶ ከጻፈ፣ ከዚያ ወዲያ ባዶ ጀሪካኖቹን በደብተር እየመዘገበ የዘይት መለወጫውን ቀን ማወቅ ይችላል።